ያለ እንቁላል የሚነሳ ኬክ፦ በወሎ ጓዳ ካለው እህል

ወሎ ውስጥ አንድ ኬክ ሲቆረስ ዙሪያውን የሚቀመጠው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። አንዷ ጾም ላይ ናት። ሌላው ሙስሊም ነው፤ እንቁላል ይበላል፣ ግን ጾመኛ ጎረቤቱ እያየችው ለብቻው መጉረስ አይሆንለትም። ከልጆቹ አንዱን ደግሞ እንቁላል አይስማማውም፤ ሲበላ ገላው ሽፍ ይላል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። በእንዲህ ያለ ሰሞን ለኢፍጣር የተሠራ ጣፋጭ ለክርስቲያኗ ጎረቤትም የሚሆን ቢሆን እንዴት ደስ ይላል።

እንዲህ ላለው ገበታ የሚሆን ኬክ መሥራት ይቻላል። ያውም ደህና አድርጎ የሚነሳ፣ ሲቆረጥ የማይፈርስ፣ በማግስቱም የማይደርቅ። ዋናው ነገር ከሩቅ አይመጣም። ተልባ ነው፣ ሽምብራ ነው፣ ዱባ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከጥያቄው ነው። "በእንቁላል ፋንታ ምን ልጨምር?" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን "እንቁላሉ እዚህ ኬክ ውስጥ ምን ሊሠራ ነው የገባው?" ማለት ያስፈልጋል። መልሱ ከኬክ ኬክ ይለያያል። ለብስኩት የሚበቃው ለስፖንጅ አይበቃም።

እንቁላሉ ምን ይሠራ ነበር?

አንደኛ ሥራው ማያያዝ ነው። የእንቁላል ፕሮቲን ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል። ኦቨን ውስጥ ሊጡን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይሄ ነው። ሁለተኛው ማንሳት ነው። ሲመታ አየር ይይዛል፤ አየሩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ኬኩም ይነሳል። ሌላው ማራስ ነው። የእንቁላል ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። አስኳሉ ውስጥ ያለው ቅባት ደግሞ ኬኩን ያለሰልሳል፣ ዘይትና ውሃውንም ያስማማል።

ይህን ሁሉ ብቻውን የሚሠራ የተክል ምትክ ጓዳችን ውስጥ የለም። ተልባ ያያይዛል፣ ያርሳል፤ አያነሳም። አቼቶና ሶዳ ያነሳሉ፤ አያያይዙም። የሽምብራ መቀቀያ ውሃ ሲመታ አረፋ ይሆናል፤ ግን እንደ እንቁላል ነጭ በሙቀት ጠንክሮ አይረጋም። ስለዚህ ጥሩ የጾም ኬክ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አጣምሮ ይይዛል፤ አንድ የሚያያይዝ፣ አንድ የሚያነሳ።

ይህን ከያዛችሁ ከመጽሐፍም ሆነ ከቪዲዮ ያገኛችሁትን አሠራር ራሳችሁ ወደ ጾም መቀየር ትችላላችሁ። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ በቀላሉ ይተካል። ሦስት ከሆነ ያስቸግራል። አምስትና ስድስት እንቁላል የሚጠይቅ ስፖንጅ ከሆነ ግን አትልፉ። የዚያ ኬክ አቋም በሙሉ እንቁላሉ ላይ ነው። እሱን ከመጠጋገን ከመነሻው ያለ እንቁላል የታሰበ አሠራር መያዝ ይሻላል።

ስለ መጠንም አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ላይ "1 እንቁላል" ሲባል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚህ ያንሳል። እናታችሁ በሐበሻ እንቁላል ትሠራው የነበረውን ኬክ ወደ ጾም ስትቀይሩ ምትኩን በዚያው ልክ ቀነስ አድርጉት።

ተልባ፦ መጀመሪያ የሚሞከረው

ለወሎ ቤት ከሁሉም የሚቀርበው ተልባ ነው። ደጋው ያበቅለዋል፣ ገበያው አያጣውም፣ በጾም ተልባ ያልቀረበበት ቤት ጥቂት ነው። ፍሬው ውሃ ሲነካው ከላዩ ሽፋን ዝልግልግ ያለ ነገር ይወጣል። ለኬክ የምንፈልገው ያንን ነው።

ልኩ ይሄ ነው፤ ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ።

ተልባውን መጀመሪያ በሰፌድ አበጥሩት፣ ልቀሙት። ከገበያ የመጣ ተልባ ደቃቅ አሸዋ አያጣውም፤ አሸዋ ደግሞ ኬክ ውስጥ ቢገባ ጥርስ ላይ ወዲያው ይታወቃል። እንዳታጥቡት። ውሃ ከነካው እርስ በርሱ ይያያዝና አይፈጭላችሁም።

ለወጥና ለፍትፍት ተልባ ይታመሳል። ለኬክ ግን ጥሬው ይሻላል። ታምሶ ሲፈጭ ሽታው ይጠነክርና ብርቱካኑንም ቫኒላውንም ይውጠዋል። ቤት ያለው የታመሰ ብቻ ከሆነ ለቸኮሌት ኬክ አውሉት፤ ካካዎው ይሸፍነዋል። ብቻ ጨውና ቅመም ያልገባበት መሆኑን አረጋግጡ። በብዙ ቤት ተልባ የሚፈጨው ከነቅመሙ ነው።

"ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ" ይባላል፤ ለኬክ የሚሆን ልስላሴ ግን በሙቀጫ ማግኘት ያደክማል። ፍሬው እየተንሸራተተ ያመልጣል፣ ዘይቱ ወጥቶ ይለጠፋል። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ካላችሁ እሱን ያዙ። ቡና የተፈጨበት ከሆነ አስቀድማችሁ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፍጩበትና ድፉት፤ የቡናውን ሽታ ይዞት ይወጣል። መፍጫውን ሳታቋርጡ ለረጅም ጊዜ አታሽከርክሩት። ተልባው ሲሞቅ ዘይቱ ይወጣል። ትንሽ ፍጩ፣ አራግፉ፣ እንደገና ፍጩ። ከዚያ በወንፊት ንፉት። ወንፊት ላይ የቀረውን ወደ መፍጫው መልሱት።

አሁን ከውሃው ጋር አዋህዱት። የደሴ ውሃ በተለይ ጠዋት ጠዋት በጣም ይቀዘቅዛል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተልባው ቶሎ አይወፍርም። እጅ የሚችለው ዓይነት ለብ ያለ ውሃ ይሁን። በሹካ በደንብ ምቱትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሳርፉት። ሲደርስ በማንኪያ ስታነሱት ወፈር ብሎ እየተጎተተ ይወርዳል፣ ልክ እንደተመታ እንቁላል። ዱቄቱ ከታች ዘቅጦ ውሃው ከላይ ከቀረ አፈጫጨቱ ሸካራ ነው ማለት ነው። መልሳችሁ ፍጩት እንጂ ተጨማሪ ተልባ አትነስንሱበት። ተልባ ሲበዛ ኬኩ ከመሃል ጭቃ ጭቃ ይላል፣ የበሰለም አይመስልም።

ነጭ ኬክ የሚፈልግ ሰው የተልባው ነጠብጣብ ደስ ላይለው ይችላል። መፍትሔ አለው። 2 የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በ2 ብርጭቆ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እያማሰላችሁ ቀቅሉ። ሲዝለገለግ ገና ትኩስ ሳለ በጨርቅ ወይም በሻይ ማጥለያ አጥሉት፤ ከቀዘቀዘ አይወርድም። የወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያው በአንድ እንቁላል ቦታ ይገባል። የማያያዝ አቅሙ ከተፈጨው ስለሚያንስ ቀላል ለሆኑ ኬኮች ብቻ ይሁን።

አብሽስ የሚል አይጠፋም። አብሽም ይዝለገለጋል፣ ያያይዛልም። ግን ምሬቱና ሽታው ለጣፋጭ አይሆንም። ለዳቦ ይቀመጥ።

የብርቱካን ኬክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ይህ ኬክ ማያያዣውን ከተልባ፣ ማንሻውን ከሶዳና ከቤኪንግ ፓውደር ያገኛል። ብርጭቆ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው እንጂ የሻይ ብርጭቆ ማለቴ አይደለም። ልኩ የተጻፈው ለደሴና ለመሰል ደጋ ነው።

የሚያስፈልገው፦ 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ¾ ብርጭቆ ስኳር፣ 1½ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ½ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ6 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጋር፣ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ ጎደል ያለ ዘይት፣ 1 ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ የተፈገፈገ፣ 2 የሻይ ማንኪያ አቼቶ።

1. ተልባውን በውሃ ምቱና አስቀምጡት። ሌላውን ሥራ እስክትጨርሱ ይደርሳል።

2. ኦቨኑን 190 ዲግሪ ላይ ለኩሱት። መጋገሪያውን ዘይት ቀቡ፣ ዱቄት ነስንሱ፣ ትርፉን አራግፉ። ይህን አሁኑኑ ጨርሱት። ሊጡ ከተዋሐደ በኋላ መጋገሪያ ፍለጋ መሄድ አይቻልም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

3. ቤኪንግ ፓውደሩን ፈትሹ። ግማሽ ማንኪያውን ትኩስ ውሃ ላይ ጣል ስታደርጉት ወዲያው መፍላት መንፈቅፈቅ አለበት። ዝም ካለ ጊዜው አልፏል፤ ሌላ ግዙ። ሶዳውን ደግሞ በአቼቶ ጠብታ ፈትሹት። እንቁላል ባለው ኬክ ደካማ ቤኪንግ ፓውደር ሊታለፍ ይችላል፤ እንቁላሉ ይረዳዋል። እዚህ ረዳት የለውም።

4. ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ሶዳውንና ጨውን አብራችሁ በወንፊት ንፉ። የብርቱካኑን ልጣጭ ከስኳሩ ጋር በጣታችሁ እሹት። ዘይቱ ይወጣና ስኳሩ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ልጣጩን ስትፈገፍጉ ቢጫውን ብቻ ውሰዱ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ይመራል።

5. በሌላ ሳህን ዘይቱን፣ ስኳሩንና የደረሰውን ተልባ አንድ ላይ ምቱ። ለ2 ደቂቃ ያህል በደንብ ምቱት። ዘይቱ ተልባው ውስጥ ገብቶ ወፈር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲሆን ይበቃል። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ኬኩ ከታች ዘይት የሚያቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ የብርቱካን ጭማቂውን ጨምሩ።

6. ዱቄቱን በሁለት ጊዜ ጨምሩና በማንኪያ አገላብጡት። ደረቅ ዱቄት ከጠፋ አቁሙ። ትንንሽ ጓል ቢቀር ምንም አይደለም። ብዙ ከተመታ እንደ ዳቦ ሊጥ ይሳባል፣ ኬኩም ይጠነክራል።

7. አቼቶውን በመጨረሻ አፍስሱ፣ አንድ ሁለቴ አዙሩት፣ ወዲያው ወደ መጋገሪያው ገልብጡ። አቼቶና ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነው ኬኩን የሚያነሳው። ሊጡ ሳህን ላይ በቆየ ቁጥር ጋዙ ያመልጣል። በዚህ ደቂቃ ስልክ ቢጮህ አታንሱ።

8. ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩ። የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ በሩን አትክፈቱ። መድረሱን የምታውቁት በሰዓት ብቻ አይደለም። መሃሉን በቀጭን እንጨት ወጋ አድርጉ፤ ደረቅ ሆኖ ይውጣ። ጫፉ ከመጋገሪያው መላቀቅ ይጀምር። በጣት ስትጫኑት ይመለስ።

9. ከኦቨን ሲወጣ ለ10 ደቂቃ እዚያው ይቀመጥ፤ ከዚያ ገልብጡት። ሙሉ ለሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡ። እንቁላል ያለው ኬክ ትኩሱን ቢቆረጥም ይችላል። የተልባ ኬክ ግን ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠነክረው፤ ትኩሱን የቆረጠ ሰው "አልበሰለም" ይላል።

የቸኮሌት የፈለገ ሰው ከዱቄቱ 4 የሾርባ ማንኪያ ቀንሶ በቦታው ካካዎ ያስገባ። የብርቱካን ጭማቂውን በቀዘቀዘ ቡና ይተካ፣ አቼቶውን ወደ 1 የሾርባ ማንኪያ ያሳድግ። ቡናው እንደ ቡና አይቀመስም፤ ካካዎውን ያጎላዋል። ለልደት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ጥቁር ስለሆነ ተልባው አይታይም፣ ልጆችም ጾም መሆኑን አይጠይቁም።

ደሴ ላይ አንድ ነገር፣ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ትላለች። ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ቁልቁል ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ በ94። ለወጥ ይህ ልዩነት ያን ያህል አያሳስብም። ለኬክ ግን ያሳስባል።

ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ነው። ከፍታ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይሰፋል። ኬኩ ሳይረጋ ይነሳል፣ ከዚያ ከመሃል ዝቅ ይላል። እንቁላል ቢኖር ፕሮቲኑ ቶሎ ረግቶ ይይዘው ነበር። የጾም ኬክ ይህ ድጋፍ ስለሌለው በደጋ መውደቅ ይበዛበታል። ዝቅ ባለ ቦታ የሠመረላችሁ ኬክ ደሴ ላይ መሃሉ ከጎደጎደ ጥፋቱ የተልባው አይደለም።

ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ አሠራር ይዛችሁ ደሴ ላይ ስትሠሩ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ። ከስኳሩም አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ ስኳር ሲበዛ ሊጡ ሳይረጋ ይቆያል። ፈሳሹን አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ምክንያቱም በከፍታ ቦታ እርጥበት ቶሎ ይተናል። የኦቨኑንም ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ከላይ የጻፍኩት የብርቱካን ኬክ ይህ ሁሉ ተቀንሶና ተጨምሮ ነው የተለካው። ላሊበላ ያለ ሰውም እንዳለ ይጠቀምበት፤ ከፍታው ከደሴ ብዙ አይለይም። ኮምቦልቻ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ ከሆናችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን 2 የሻይ ማንኪያ፣ ኦቨኑን 180 ዲግሪ አድርጉት። ወልድያ መሃል ላይ ናት፤ አንዴ ሞክራችሁ ወደሚሻለው አዘንብሉ።

ኦቨን ለሌለው ቤት

ኬክ የኦቨን ምርኮኛ አይደለም። ድፎ ዳቦን ከላይና ከታች እሳት አድርጎ የጋገረ እጅ ይህን ይችላል።

ሰፋ ያለ፣ ወፍራም ድስት ያዙ። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው አንጥፉ። አሸዋው ላይ መጋገሪያውን ከፍ የሚያደርግ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የብረት ቀለበት አድርጉ። ክዳኑን ገጥማችሁ በመካከለኛ እሳት ለ15 ደቂቃ አሙቁት። ሊጡ ያለበትን መጋገሪያ አስገቡ፣ ክዳኑን መልሱ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ላብ ኬኩ ላይ ከተንጠባጠበ ላዩ ይረጥባል። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ የጨርቁን ጫፍ ግን ወደ ላይ እሰሩት፣ እሳት እንዳይነካው። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ጨርቁን ተዉትና ጥቂት ፍም ክዳኑ ላይ አድርጉ። ላዩ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። ጨርቅና ፍም አንድ ላይ አይሆኑም።

መብራት መጥፋት የሚበዛበት ሰፈር ያለ ሰው ድስቱን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ጥሩ ነው። የጾም ኬክ ሊጥ አይጠብቅም። ኦቨን ውስጥ ገብቶ 10 ደቂቃ ላይ መብራት ከጠፋ ቶሎ ወደ ሞቀው ድስት ማዛወር እንጂ ተስፋ አድርጎ መጠበቅ አያድነውም።

ሽምብራ፦ ዱቄቱና ውሃው

ከሽምብራ ዓሣ የሠራ ሕዝብ በእንቁላል አይቸገርም። የሽምብራ ዓሣን የሚያውቅ ሰው የሽምብራ ዱቄት ሲበስል እንዴት ጠንክሮ ቅርጽ እንደሚይዝ ያውቃል። ኬክና ብስኩት ውስጥም ያንኑ ይሠራል።

3 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተመቶ አንድ እንቁላል ይተካል። ሽሮ እንዳይመስላችሁ። ሽሮ ነጩም ቢሆን ቅመምና ጨው ይኖረዋል። ምንም ያልገባበትን፣ ንጹሕ ሽምብራ ብቻ የተፈጨበትን ውሰዱ። ሊጡ ጥሬውን ሲቀመስ ሽምብራ ሽምብራ ይላል፤ አትደንግጡ፣ ሲበስል ይጠፋል። ቫኒላ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ካለ ጭራሽ አይታወቅም። ለብስኩት እንዲያውም ከተልባ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ላዩ ደስ የሚል ቡናማ ይሆናል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል።

ውሃው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጆኤል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ ዘፋኝ የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ሆኖ እንደሚመታ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ጉስ ዎልት የሚባል አሜሪካዊ በሽምብራ ውሃና በስኳር ብቻ ሜሬንጌ (ከእንቁላል ነጭ አረፋና ከስኳር የሚሠራውን፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቀውን ጣፋጭ) ሠራ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አኳፋባ እየተባለ ይታወቃል። እኛ ቤት ሽምብራ በተቀቀለ ቁጥር የሚደፋው ውሃ ማለት ነው።

ትልቁና ነጣ ያለው ሽምብራ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ትንሹ ቡናማው ሽምብራም ይሠራል፤ ብቻ ውሃው ጠቆር ይላል፣ ሽታውም ይጠነክራል። ሌሊቱን ዘፍዝፉት። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፤ እሱ ለምግብ አይሆንም። በአዲስ ውሃ፣ ከሽምብራው ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ፣ ያለ ጨውና ያለ ሶዳ ቀቅሉ። ደሴ ላይ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ቢቆይ አይግረማችሁ። ሽምብራው በጣት ሲጫኑት እስኪደቅ ይብሰል። ከዚያ ከነውሃው ይቀዝቅዝ፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ይደር። ውሃው የሚወፍረው ያኔ ነው።

ማጥለል ብቻ ነው የቀረው። በሁለት ጣታችሁ መሃል ስታሹት ለስለስ ብሎ ካልተጣበቀ ቀጥኗል። መልሳችሁ እሳት ላይ አድርጉና ትንሽ ይነስ። ለኬክ 3 የሾርባ ማንኪያው አንድ እንቁላል ይተካል። ሳይመታም ይገባል፤ በሹካ አረፋ እስኪያወጣ ከተመታ ግን ኬኩ ቀለል ይላል።

ሜሬንጌ መሥራት የፈለገ ሰው ¾ ብርጭቆ የሽምብራ ውሃ በኤሌክትሪክ መምቻ ይምታ። የሎሚ ጠብታ ይጨምርበት። በእጅ አይሞከር፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የማያቋርጥ ምት ይፈልጋል። ሳህኑም መምቻውም ቅባት እንዳይነካው፤ ቅባት አረፋውን ይገድለዋል። ነጭ ሆኖ ሲቆም ¾ ብርጭቆ የተፈጨ ስኳር በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። ሳህኑን ገልብጣችሁት የማይወርድ ከሆነ ደርሷል። በ100 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይደርቃል። በክረምት ግን አትሞክሩት። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጭጋግ ቤት ድረስ ይገባል፣ ሜሬንጌም እርጥበት እየሳበ ይጣበቃል። ለፍልሰታ ጾም ኬኩን ሥሩ፤ ሜሬንጌውን ለሁዳዴ አቆዩት።

ሙዝ፣ ዱባ፣ አቮካዶ

እነዚህ የሚያርሱ እንጂ የሚያነሱ አይደሉም። በደንብ የበሰለ ግማሽ ሙዝ ተደፍጥጦ አንድ እንቁላል ይተካል፤ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩን ቀንሱ። የሙዝ ጣዕም አይደበቅም። ሙዝ የማይወድ ሰው ካለ አትሞክሩ።

ዱባ ይበልጥ ይስማማኛል። ቀቅላችሁ ሳይሆን በእንፋሎት አብስላችሁ ደፍጥጡት፣ ውሃው እንዲወርድም በወንፊት ላይ አሳርፉት። ሩብ ብርጭቆው አንድ እንቁላል ይተካል። ኬኩን ወርቃማ ያደርገዋል፤ ከቀረፋና ከዝንጅብል ጋር በጣም ይሄዳል። አቮካዶ ኬክን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ለቸኮሌት ብቻ ይሁን። በሦስቱም ላይ ½ የሻይ ማንኪያ ተጨማሪ ቤኪንግ ፓውደር ያስፈልጋል፤ ደጋ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ዳቦ ላይ እንቁላል የሚቀባው ለማብለጭለጭ ነው። ለዚያ የሽምብራ ውሃ ከትንሽ ዘይት ጋር ተመቶ ይቀባል። ክሬም ለማወፈር ደግሞ እንቁላል አያስፈልግም፤ የበቆሎ ስታርች ይበቃል።

እንግዳ ከመጥራታችሁ በፊት

እንቁላሉን ትታችሁ ኬኩ ጾም ላይሆን ይችላል። ማርጋሪን ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ የአትክልት ቅባት ቢሆንም የወተት ዱቄት ወይም ዌይ የሚባል የወተት ተረፈ ምርት ይገባበታል። ላዩ ላይ የሚፈረፈር ቸኮሌትም ብዙ ጊዜ ወተት አለው፤ ካካዎ ግን የለውም። ጥርጣሬ ካለ ዘይት ተጠቀሙ።

ሙስሊም እንግዳ ካለ ፈሳሹን ቫኒላ ተዉት፤ ብዙ ጊዜ አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈ ነው። የዱቄቱን ቫኒላ ውሰዱ፣ ወይም የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ይብቃችሁ። ጄሊና ማርሽሜሎም ከእንስሳ በተገኘ ጄላቲን ስለሚሠሩ ለጾመኛውም አይሆኑም፣ ሙስሊሙም ከምን እንስሳ እንደሆነ ሳያውቅ አይበላቸውም። እንቁላል ወይም ቅቤ የነካ ዕቃ ደግሞ ታጥቦ ይደር። ለጾመኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንቁላል ለማይስማማው ልጅም የጤና ጉዳይ ነው።

ኬኩ ተሸፍኖ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። የተልባ ኬክ በሁለተኛው ቀን እንዲያውም ይጣፍጣል፣ ስለዚህ ለእሑድ ድግስ ቅዳሜ ጋግሩት። ተልባን ፈጭታችሁ ብዙ አታስቀምጡ። ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ አየር እያገኘው ይበላሻል፣ ይመራልም። ፍሬውን አስቀምጡና በፈለጋችሁ ጊዜ ፍጩ። የተረፈ ዱቄት ካለ በደንብ በሚገጠም ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። የሽምብራ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት አራት ቀን በላይ አይቆይም። በበረዶ መሥሪያው ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ እየለካችሁ በሾርባ ማንኪያ ካቀዘቀዛችሁት ግን ለወራት ይቆያል። በፈለጋችሁ ጊዜ የሦስት ማንኪያውን አውጥታችሁ ማቅለጥ ነው።